ዘጠና ቀን ያልሞላው ሰው

ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት። ሲያትል ከተማ፣ ሊንከን ፓርክ የሚባለው ባሕር ዳርቻ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ። ፊት ለፊቴ ሃምሳ የሚሆን ሰው ትከሻ ለትከሻ ተደርድሮ መንጠቆ ይወረውራል። በየጥቂት ደቂቃው የአንዱ ዘንግ ይጎብጣል፣ ጎረቤቶቹ መንገድ ይለቁለታል፣ አንድ ብርማ ዓሣ እየተወራጨ ጠጠሩ ላይ ይወጣል።

ይህ ዓሣ ሮዝ ሳልመን ይባላል። ወደዚህ ባሕር በብዛት የሚመጣው በፈረንጅ አቆጣጠር ጎዶሎ ቁጥር በሆነ ዓመት ብቻ ነው። ዓመቱ 2025 ነው። ዘንድሮ ካመለጠኝ የሚቀጥለው 2027 ነው ማለት ነው።

ዘንጌ ከጎኔ ተጋድሟል። የጎደለኝ ፈቃድ ብቻ ነው። ፈቃዱ ደግሞ በስልክ ይገዛል፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ስሜን ሞላሁ፣ የልደት ቀኔን ሞላሁ፣ አድራሻዬን ሞላሁ። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ መጣ፦ የዋሽንግተን ስቴት ነዋሪ ነህ?

እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው። «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ የሚቀበል ጥያቄ ስጽፍ ነው የምውለው። እና እዚህ የቤት ኪራይ እከፍላለሁ፣ እዚህ እሠራለሁ፣ የመብራት ሂሳብ በስሜ ይመጣል። «አዎ» ብሎ ማለፍ ነበር። ጣቴ ግን አየር ላይ ቀረ።

*

ያደግሁት ሽንዲ ነው። ሽንዲ የወንበርማ ወረዳ ከተማ ናት፣ ከቡሬ ብዙም አትርቅም። አገሩ የበቆሎና የበርበሬ አገር ነው። ወረዳው ወደ ቆላው ሲወርድ ሲወርድ ዓባይ ላይ ያልቃል፤ ከወንዙ ማዶ ወለጋ ነው።

ዓሣ እኛ ቤት ምግብ ተብሎ አይቆጠርም ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ «ያ የውኃ ነገር» ነው የምትለው። አጎቴ ግን ይወድ ነበር። በበጋ፣ ወንዙ ሳስቶ ውኃው እዚህም እዚያም ሲቋጥር፣ ከጓደኞቹ ጋር የብርብራ ፍሬ ይወቅጣሉ። ዱቄቱን ቆሞ የቀረው ውኃ ላይ ይበትኑታል። ትንሽ ቆይቶ ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ትልቁም ትንሹም፣ እንቁላል የያዘውም ያልያዘውም። ከዚያ በእጅ መልቀም ነው። ከብት መጥቶ ያን ውኃ እንዳይጠጣ አንድ ልጅ ከላይ ቆሞ ይመልሳል። ያ ልጅ እኔ ነበርኩ። ደመወዜም ሁለት ዓሣ ነበር፣ ሜዳ ላይ በእሳት የተጠበሰ፣ ያለ ጨው።

ፈቃድ የሚባል ነገር አልሰማሁም። ከማን? ወንዙ የእግዜር ነው፣ ብርብራው የጫካ ነው፣ ዓሣው የቀደመ ሰው ነው። የማይጻፍ ሕግ ግን ነበረ። ከሌላ ቀበሌ የመጡ ጎረምሶች እኛ ወንዝ ላይ ብርብራ ሲበትኑ ቢገኙ ዱላ ይነሳ ነበር። «የእኛ ወንዝ» እንላለን። የእኛነቱን ማን እንደሰጠን ጠይቄ አላውቅም።

ያን ቅዳሜ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ የአገሬን ሕግ ፈለግሁት። አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995። ዓሣን በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ይከለክላል። እኔ ከብት ስመልስ አዋጁ ከወጣ ዓመታት አልፈውት ነበር ማለት ነው። በአሥር ዓመቴ ሕገወጥ ዓሣ አጥማጅ ነበርኩ፣ ያውም ጠባቂ። ሕጉ አዲስ አበባ ታትሟል፣ እኛ ወንዝ ድረስ ግን አልወረደም። ስለዚህ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜዬ ዓሣና ሕግ በጭንቅላቴ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም።

*

ያገናኙልኝ ቨርጂኒያ ውስጥ ጋሼ ናቸው። ዲቪ ደርሶኝ አሌክሳንድሪያ ስገባ ከታች ያለው አፓርታማ ውስጥ የሚኖሩ ሰው ናቸው፣ ቀን ኡበር ይነዳሉ፣ ማታ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ባልዲ ይዘው አገኘኋቸው። አየሁት፤ ጢሙ የተንጨባረረ፣ ቅርፊት የሌለው፣ ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ።

«ጋሼ፣ ይሄ አምባዛ አይደለም እንዴ?»

«የአምባዛ የአጎት ልጅ በለው» አሉኝ። «የት አገር ነህ አንተ?»

«ጎጃም፣ ሽንዲ።»

«ጎጃሜ ዓሣ ይበላል ብዬ አላውቅም። ና፣ ቅዳሜ እወስድሃለሁ። ግን በመጀመሪያ ፈቃድ አውጣ። ያለ ፈቃድ እኔ መኪና ውስጥ አትገባም።»

አወጣሁ። መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት። የቨርጂኒያ ፈቃድ ከገዛህበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት ይሠራል። ይህቺን ቀን አስታውሱልኝ፣ ኋላ ጉድ ታፈላለች።

ከጋሼ የተማርኩት መጀመሪያ መወርወር ሳይሆን ካርታ ማንበብ ነው። ፖቶማክ ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን የሚለይ ወንዝ ነው፤ ሰው ሁሉ ግማሽ ግማሽ የሚካፈሉት ይመስለዋል። አይደለም። በ1632 የእንግሊዝ ንጉሥ በሰጠው ቻርተር ምክንያት ወንዙ እስከ ቨርጂኒያ ዳርቻ ድረስ የሜሪላንድ ነው። ዋናው ወንዝ ላይ ሁለቱ ስቴቶች አንዱ የሌላውን ፈቃድ ይቀበላሉ። ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ስትል ግን ውኃው የዲሲ ይሆናል፤ ዲሲ ደግሞ የራሷን ፈቃድ ትጠይቃለች። ቨርጂኒያ ሣር ላይ ቆመህ ዲሲ ውኃ ውስጥ ታጠምዳለህ ማለት ነው።

«እግርህ የት እንደቆመ አይደለም የሚጠየቀው» ይሉኝ ነበር ጋሼ፣ «መንጠቆህ የት እንደወደቀ ነው።»

ይህን አባባላቸውን ወደድኩት። ለስደተኛም የሚሆን መሰለኝ። እግሬ የትም ይቁም፣ መንጠቆዬ ግን ሁልጊዜ የሆነ ሰው ውኃ ውስጥ ነው።

*

ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ሲያትል ተዛወርኩ። እናቴ ስልክ ላይ ተደናገረች።

«የት ሄድኩ አልክ?»

«ዋሽንግተን፣ እማ።»

«ቀድሞስ ዋሽንግተን አልነበርክም እንዴ?»

«እሱ ዲሲ ነው። ይሄ ስቴቱ ነው፣ በሌላው ባሕር በኩል። በአውሮፕላን አምስት ስድስት ሰዓት ነው።»

«እና አንድ አገር ነው ሁለት?»

አንድ አገር ነው አልኳት። የዓሣ ፈቃድ ላይ ግን ሁለት ነው። ሃምሳው ስቴት እያንዳንዱ የራሱን ዓሣ ያስተዳድራል፤ የአንዱ ፈቃድ ሌላው ጋ ወረቀት ነው። ዕድሜው እንኳ ይለያያል፦ ቨርጂኒያ ከ16 ዓመት ጀምሮ ፈቃድ ትጠይቃለች፣ ዋሽንግተን ከ15 ጀምሮ። ነዋሪ ለመባል የሚፈለገው ጊዜም እንዲሁ። ሚኒሶታ 60 ቀን ትላለች፣ ዋሽንግተን 90 ቀን።

ደንቡን ሳነብ ያስደነገጠኝ ግን ቀኑ አልነበረም። የዋሽንግተን ሕግ ነዋሪን ሲተረጉም አራት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ከማመልከቻህ በፊት ቢያንስ 90 ቀን ስቴቱ ውስጥ ቋሚ መኖሪያ ሊኖርህ ይገባል። ሁለተኛ፣ መኖርህን ለመቀጠል ማሰብህን የሚያሳይ ማስረጃ። ሦስተኛ፣ በሌላ ስቴት እንደ ነዋሪ ተቆጥረህ የአደን ወይም የዓሣ ፈቃድ የያዝክ መሆን የለብህም። አራተኛ፣ ከሌላ ስቴት ወይም አገር ለነዋሪ የሚሰጥ ጥቅም የምታገኝ መሆን የለብህም።

በእኔ ሙያ ቋንቋ በአራቱ መካከል ያለው «ወይም» አይደለም፣ «እና» ነው። አንዱ ከወደቀ ሁሉም ይወድቃል።

ቆጠርኩ። ሊንከን ፓርክ በተቀመጥኩበት ቀን 62 ቀኔ ነው። 90 የሚሞላው መስከረም 3 ነው። ሮዝ ሳልመኑ ያኔ በብዛት አልፏል። ይባስ ብሎ የቨርጂኒያ ፈቃዴ፣ ያቺ የመስቀል ዕለቷ፣ መስከረም 17 ድረስ ትሠራለች። በእሷ ላይ «ነዋሪ» ተብዬ ተጽፌአለሁ። ስለዚህ 90 ቀኑ ቢሞላም፣ ደንቡን እኔ እንዳነበብኩት፣ ሌላ ሁለት ሳምንት የቨርጂኒያ ሰው ነኝ። አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቄም።

ሳቄ መጣ። ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ይህ መሸኛ ነው።

ለማታውቁት፦ ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላ ስትዛወሩ አዲሱ ቀበሌ መታወቂያ የሚሰጣችሁ ከድሮው መሸኛ ስታመጡ ነው። «ይህ ሰው የእኛ ነዋሪ ነበር፣ መዝገባችን ላይ ሰርዘነዋል፣ ተቀበሉት» የሚል ወረቀት፣ ማኅተም ያለበት። ሁለት ቦታ ነዋሪ መሆን አይቻልም። ከባሕር ዳር ተመርቄ አዲስ አበባ ሥራ ሳገኝ፣ አንድ የቀበሌ ጸሐፊ መሸኛዬን አገላብጣ አይታ «ማኅተሙ አይነበብም» ብላ መለሰችኝ። ሽንዲ ድረስ ሄጄ አዲስ ማኅተም አስመትቼ ተመለስኩ። ደርሶ መልስ ሦስት ቀን። በእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ከሽንዲ ተሰርዣለሁ፣ አዲስ አበባ ገና አልተጻፍኩም። የኢትዮጵያ ሰው ነበርኩ፣ የኢትዮጵያ የየትኛውም ቦታ ሰው ግን አልነበርኩም።

*

ድንጋዩ ላይ ሆኜ እዚሁ ሲያትል ላለ ያገሬ ልጅ፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ ደወልኩለት።

«ምን ያስጨንቅሃል?» አለኝ። «አዎ በለውና እለፍ። ኪራይ የምትከፍለው የት ነው? እዚህ። በቃ ነዋሪ ነህ።»

«90 ቀን አልሞላኝም እኮ።»

«ማን ቆጥሮህ? ደግሞ የእንግዳው ዋጋ ከነዋሪው በጣም ይበልጣል። ሞኝ አትሁን።»

ዋጋው እውነት ነው። የነዋሪ ያልሆነ ሰው ዓመታዊ ፈቃድ ከነዋሪው በብዙ ይበልጣል። ምክንያቱም አለው፤ ነዋሪው በግብሩ ዓመቱን ሙሉ ለወንዙ ይከፍላል፣ እንግዳው የሚከፍለው ሲመጣ ብቻ ነው። ሐሰተኛ መረጃ ሰጥቶ ፈቃድ ማውጣት ደግሞ ወንጀል ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በአንድ ዓሣ ምክንያት ዳኛ ፊት መቆም አይፈልግም። ይህን ለባልደረባዬ ነገርኩት፣ ሳቀብኝ፣ ስልኩን ዘጋን።

ግን የያዘኝ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ አገር «ነዋሪ» የምትለዋን ቃል በተመለከትኩ ቁጥር የሚመጣብኝ አንድ ሰው አለ።

በ2005 ዓ.ም. ነው። ፍኖተ ሰላም አክስቴ ቤት ሄጄ ነበር። በዚያ ሰሞን ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የተፈናቀሉ አማሮች ከተማዋ ውስጥ ተጠልለው ነበር። አክስቴ እንጀራ ጠቅልላ ልካኝ ሄድኩ። የአባቴ እኩያ የሚሆን ሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። እንጀራውን ተቀብሎ መረቀኝ። ከዚያ ምንም ሳልጠይቀው ከደረት ኪሱ ላስቲክ አወጣ፣ ከላስቲኩ ውስጥ የቀበሌ መታወቂያ አወጣ፣ ሰጠኝ። ፎቶው ደብዝዟል። ማኅተሙ ግን ይነበባል።

«አንብበው» አለኝ። «የተማርክ ትመስላለህ። ምን ይላል?»

«ነዋሪ ይላል።»

«አዎ» አለ። «እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት።»

መልሶ አጠፈው፣ ላስቲኩ ውስጥ ከተተው፣ ኪሱ ውስጥ አስገባው። የማይሠራ መታወቂያ ለምን እንደዚያ ይጠነቀቅለታል ብዬ ያኔ ገርሞኛል።

ያደግሁበት አገር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ላይ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው የአገሪቱ ክፍል የመኖር ነፃነት አለው ይላል። የክልሉ ሕገ መንግሥት ደግሞ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሎ ይዘረዝራል፤ ሌሎች ነዋሪዎች እውቅና አላቸው፣ ባለቤት ግን አልተባሉም። በነዋሪና በባለቤት መካከል ስንት ቀን አለ? የትም አልተጻፈም። አሥራ ሰባት ዓመት ግን አልበቃም።

ስለዚህ ዋሽንግተን 90 ቀን ስትል መጀመሪያ የተሰማኝ መደነቅ ነው። ቁጥር! የሚቆጠር፣ የሚያልቅ ቁጥር! የአያትህን ስም አይጠይቅም፣ ቋንቋህን አይጠይቅም። ቀን ቁጠር፣ ሲሞላ ና። ሽንዲ ለተወለደ ልጅ፣ እዚያ ሰውዬ ፊት ለቆመ ልጅ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እና በዚህ ቁጥር ላይ መዋሸት... አላውቅም፣ ያ ሰው ያጣውን ነገር እኔ እንደ ቀልድ መስረቅ መሰለኝ።

*

አሜሪካን አሞግሼ ልጨርስ ነበር። ግን የፈቃዱን ደንብ ወደ ታች ሳነብ እዚህም ባለቤቶች እንዳሉ አገኘሁ።

በ1854 እና በ1855 የአሜሪካ መንግሥት በዚህ ባሕር ዙሪያ ከሚኖሩት ነባር ሕዝቦች ጋር ውል ተዋዋለ። መሬታቸውን ወሰደ፤ በለመዱት ቦታ ከሌላው ዜጋ ጋር በጋራ ዓሣ የማጥመድ መብታቸው ግን እንደተጠበቀ ይቀራል ተባለ። ከዚያ ስቴቱ ለመቶ ዓመት ገደማ በራሱ የዓሣ ደንብ ሲያስራቸው ኖረ። ቢሊ ፍራንክ ጁኒየር የሚባል የኒስኳሊ ሰው መጀመሪያ የታሰረው በ14 ዓመቱ ነው፣ በ1945፤ ከዚያ በኋላ ከሃምሳ ጊዜ በላይ ታስሯል። ወንጀሉ አያቶቹ ባጠመዱበት ወንዝ ዓሣ ማጥመድ ነው።

በ1974 ጆርጅ ቦልት የሚባል የፌዴራል ዳኛ ውሉን እንደገና አነበበው። «በጋራ» የሚለው ቃል መካፈል ማለት ነው አለ፦ ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ እስከ ግማሽ ድረስ የውሉ ባለቤት ለሆኑት ነገዶች፣ የቀረው ለሌላው ሰው። ከተማው ተናወጠ፣ ነጭ አጥማጆች ዳኛውን በአሻንጉሊት ሰቀሉት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1979 ፍርዱን በአብዛኛው አጸናው። እስከ ዛሬ ድረስ ስቴቱና ነገዶቹ በየዓመቱ አብረው ተቀምጠው ስንት ዓሣ እንደሚመጣ ይገምታሉ፣ ይካፈላሉ። እኔ በስልኬ የምገዛው ፈቃድ ከሁለተኛው ግማሽ ላይ የምትነሳ አንዲት ቁራጭ ናት።

ይህን ሳነብ ፍኖተ ሰላም ያየሁት ነገር ትንሽ ተወሳሰበብኝ። «ባለቤት» የሚለው ቃል ከሰማይ አልወረደም። ጉሙዞች ለዘመናት በባሪያ ፈንጋይ ታድነዋል፣ ከለም መሬታቸው ወደ ቆላ ተገፍተዋል፤ ከገፊዎቹ መካከል ከእኛ ወገን የመጡ ነበሩ። የባለቤትነት ቃሉ ያን ሁሉ ያስታውሳል። ስህተቱ ማስታወሱ አይመስለኝም። ስህተቱ ሌላው ግማሽ አለመጻፉ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት የኖረው ሰውዬ ስንት ድርሻ አለው? ከማን ጋር፣ በምን ውል? ዳኛ ቦልት ነባሩ ባለመብት ነው ሲል መጤው ይውጣ አላለም። ቆጥሮ አካፈለ።

እዚህም ቢሆን ሁሉም አልተካፈለም። ሲያትል የምትባለው ከተማ ስሟን ያገኘችው ከዱዋሚሽና ከሱኳሚሽ ሕዝቦች መሪ ነው። የዱዋሚሽ ነገድ ግን የፌዴራል መንግሥቱ እውቅና ስላልሰጠው በውሉ የተጻፈውን የዓሣ መብት አያገኝም። መሪያቸው ከውሉ ፈራሚዎች አንዱ ነበር። በስማቸው በተጠራ ከተማ ውስጥ፣ በስማቸው በሚጠራ ወንዝ ላይ፣ የእኔን ያህል ተራ ፈቃድ ገዝተው ነው የሚያጠምዱት። እኔ 90 ቀን ይበቃኛል። ለእነሱ መቶ ሰባ ዓመት የወሰደ መሸኛ እስካሁን አልተፈረመም።

*

ወደ ድንጋዬ ልመለስ።

ቅጹን ወደ ታች ሳወርደው ያላየሁት ምርጫ ነበረ። ለአንድ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ብቻ የሚሆን ፈቃድ፣ ለነዋሪም ለእንግዳም። «ነዋሪ ነህ?» ለሚለው «አይደለሁም» ብዬ የአንድ ቀን የእንግዳ ፈቃድ ገዛሁ። ለአንድ ቀን መክፈል ለአንድ ዓመት ከመዋሸት ይረክሳል። ጋሼ ይህን ቢሰሙ «ጎጃሜ መሆንህ ታወቀ» ይሉኝ ነበር።

ከፈቃዱ ጋር የመዝገብ ካርድ ይመጣል። ሳልመን ያጠመደ ሰው እዚያው በቦታው፣ ወዲያው፣ ቀኑን፣ ቦታውንና ዓይነቱን በእስክሪብቶ ይጽፋል። የሲያትል ባሕር «ማሪን ኤሪያ 10» ይባላል። መንጠቆው ባለ አንድ ጫፍ ሆኖ ዓሣውን ይዛ የምታስቀረው ትንሿ እሾህ የሌለችበት መሆን አለበት፣ የሚለቀቀው ዓሣ እንዳይቆስል። ብዙ ቦታ ደግሞ ቺኑክ የሚባለውን ሳልመን ከማስቀረትህ በፊት ጀርባዋ ላይ፣ ከጭራዋ ጠጋ ብላ ያለችውን ትንሽ ክንፍ ታያለህ። ክንፏ ከተቆረጠ ማራቢያ ጣቢያ ውስጥ የተፈለፈለች ናት፣ ውሰድ። ክንፏ ካለ የወንዝ ልጅ ናት፣ ልቀቃት። ዓሣውም መታወቂያ አለው ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ብርብራ ይህን ሁሉ አይጠይቅም ነበር።

ሰልፉ መካከል ስገባ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ትንሽ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ወረወርኩ። አንዲት ሮዝ ሳልመን ያዘችልኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ካርዱ ላይ ጻፍኩ።

ማታ ለእናቴ ፎቶ ላኩላት። ወዲያው ደወለች።

«አንተ! ፍልሰታን በዓሣ?»

«አልበላሁም እማ፣ ፍሪጅ ውስጥ ነው።»

«አጥምደህ ሳትበላ? ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?»

ፍልሰታ የተፈታው ዓርብ ላይ ስለነበር ቅዳሜን ጠበቅሁ። በሽንዲ በርበሬ፣ በቅቤ። ሳምንት የጠበቅሁት ዓሣ በአሥር ደቂቃ አለቀ።

*

መስከረም 3 መጣ፣ 90 ሞላ። አልገዛሁም። የመስቀል ዕለት የቨርጂኒያ ፈቃዴ አበቃች። ለጋሼ ደውዬ «እንኳን አደረስዎ፣ ዛሬ ከእርስዎ ስቴት ተሰረዝኩ» አልኳቸው። «ማን መሸኛ ጻፈልህ?» አሉኝ። ለካ እሳቸውም ያስታውሳሉ።

በማግስቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቅጹን ከፈትኩ። ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ። የዋሽንግተን ስቴት ነዋሪ ነህ?

አዎ።

ምንም አልሆነም። ገጹ ወደ ክፍያ አለፈ። እኔ ግን ትንሽ ቆየሁ። ዜጋ አይደለሁም፣ አልመርጥም፣ ፓስፖርቴ የሌላ አገር ነው። ግን አንድ ስቴት አራት ነገር ጠየቀኝ፣ አራቱንም በእውነት መለስኩ፣ ተቀበለኝ። ያ ሰውዬ መታወቂያውን ላስቲክ ውስጥ ለምን እንደሚያስቀምጥ ያን ቀን የገባኝ መሰለኝ። የማይሠራ ወረቀት አልነበረም የሚጠብቀው። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ጠይቆት፣ መልሶ፣ ተጽፎለታል። ያን ነበር የሚጠብቀው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሊንከን ፓርክ ሄድኩ። ሮዝ ሳልመኖቹ አልፈዋል፣ ሰልፉ ሳስቷል። ኮሆ የሚባለው ሳልመን ወቅቱ ነው ቢሉኝም እስኪመሽ ወርውሬ አንድም አልነካኝም። ዝናብ ጀመረ።

የነዋሪ ካርዴ እስካሁን ባዶ ነው። ደንቡ ግን ባዶም ቢሆን እስከ ፈረንጆቹ ኤፕሪል 30 ድረስ ሪፖርት አድርግ ይላል። ምንም ያላጠመደውም ሰው ይቆጠራል።